«አጥፋው» ያለ ሰው አልነበረም

ናይፍ መሰላሉ ላይ ቆሞ የጭስ ጠቋሚውን ከጣሪያው ነቀለው። ሳይረኑ አልቆመም። ጠቋሚውን አገላብጦ አየው፤ ሽቦውን በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገና የሥራ ልብሱ ኪስ ውስጥ ከቶት ወረደ። የሆቴሉ አራተኛ ፎቅ ኮሪደር ባዶ ነው። ከየበሩ በላይ ያለው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሆኗል፤ ሳይረኑ መጮህ ከጀመረ አርባ ደቂቃ አልፎታል።

የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ መጥተው ሄደዋል። ሰባቱንም ፎቅ ዞረው እሳት አላገኙም። አዛዣቸው ከመሄዱ በፊት ሎቢው ውስጥ፣ የእሳት ደወሉ መቆጣጠሪያ ሳጥን ፊት ቆሞ ነበር።

«ጠቋሚያችሁ አርጅቷል» አለ። «የአራተኛውን ፎቅ መስመር ለይታችሁ አጥፉት፤ ሌላው ይሠራል። ካጠፋችሁት ግን በየሩብ ሰዓቱ ኮሪደሮቹን የሚዞር ሰው ይኑር።»

«አንተው አጥፋልንና ሂድ» አለው ናይፍ።

«የሰው ሆቴል ሳጥን አልነካም። ኃላፊህን ጠይቅ።»

ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። ቀኑ ቅዳሜ ነው።

የሳጥኑ የመስታወት በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። የፈረመበት ሥራ አስኪያጁ ኤልያቄም ነው፤ ከሥሩ ናይፍም «አንብቤ ተረድቻለሁ» ብሎ ፈርሟል። መጋቢት ላይ ሦስተኛ ፎቅ ግድግዳ ሲለሰን አቧራው ደወሉን እንዳይቀሰቅስ ናይፍ በራሱ ሐሳብ የፎቁን መስመር አጥፍቶ ነበር። በዚያው ቀን የከተማው ተቆጣጣሪዎች ሳይታሰብ መጡ። ኤልያቄም ከናይፍ የሥራ ዝርዝር ላይ «የእሳት መቆጣጠሪያ» የሚለውን መስመር በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘውና «ከእንግዲህ እኔ ሳላዝህ ብትነካው ተሰነባብተናል» አለው። በቃል ብቻ አልተወውም፤ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ብሎ በደብዳቤ ሰጠውና ቅጂውን ሳጥኑ ላይ ለጠፈው።

የሥራ ዝርዝር በዚህ ሆቴል ተራ ወረቀት አይደለም። እንግዶቹ ሰንበት አክባሪ አይሁዶች ናቸው። ዓርብ ፀሐይ ከጠለቀች ቅዳሜ ማታ ሦስት ኮከብ እስኪታይ ድረስ ማብሪያ ማጥፊያ አይነኩም፤ የሃይማኖታቸው ተከታይ ያልሆነውንም ሰው «ይህን አድርግልኝ» ብለው አያዙም። ማሞቂያው፣ የውሃ ፓምፑ፣ የምኩራቡ መብራት ዝርዝሩ ላይ ስላሉ ናይፍ የሚሠራው የራሱን ሥራ ነው፤ የሚነግረው የለም። ዝርዝሩ ላይ ለሌለው ነገር ሌላ መንገድ አለ። ሰውየው አያዝም፤ ለአየሩ ያወራል። «እዚህ ክፍል ውስጥ እንዴት ያለ ሙቀት ነው» ይላል፣ ግድግዳውን እያየ። ናይፍም ሌላ ጉዳይ እንዳለው ሰው ገብቶ ማቀዝቀዣውን ያበራል።

ናይፍ ከከተማው ዳር ያለው የዓረቦች ሰፈር፣ የሱር ባሂር ሰው ነው፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ። አባቱ ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ። እሱ አቧራውን ጠልቶ ኤሌክትሪክ ተማረ። ሆቴሉ ሲሠራ ሽቦ ከዘረጉት አንዱ ሆኖ መጣ፤ ሲከፈት ለጥገና አስቀሩት። ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሆቴሉ ሦስት ባለቤትና ሰባት ሥራ አስኪያጅ ቀይሯል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከግድግዳ ጋር የሚያወራ ሰው ምን እንደፈለገ ለማወቅ ናይፍ ሁለት ቃል ይበቃዋል። አንዳንዴ ግን ይጫወትባቸዋል።

«ብርሃን ቢኖር ማንበብ ይቻል ነበር» ይላል እንግዳው።

«እውነት ነው» ይላል ናይፍ፤ ዝም ብሎም ይቆማል።

«መጽሐፉ ጥሩ መጽሐፍ ነው።»

«ይመስላል።»

«ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም።»

«ዕድሜ ነው፤ ምን ይደረግ።»

እንግዳውን ላብ እስኪያጠምቀው ካስጨነቀው በኋላ ሄዶ ያበራለታል። ማታ ለሚስቱ ለዒጣፍ ሲነግራት ትስቅ ነበር።

ይህን ጨዋታ ያስተማረው ፊንሐስ ነው። ፊንሐስ የወጥ ቤቱ የኮሸር ተቆጣጣሪ ነው፤ ምግቡ በሃይማኖታቸው ሕግ መሠራቱን ይጠብቃል፤ ቀጭን፣ ጢሙ እስከ ደረቱ የወረደ፣ ዘጠኝ ልጆች ያሉት። እሱ «እሺ» ካላለ ሥጋ ድስት ውስጥ አይገባም። ከናይፍ ጋር አሥራ ስምንት ዓመት አብረው ሠርተዋል። የናይፍ እናት ሲሞቱ ሱር ባሂር ድረስ በእግሩ ሄዶ ለቅሶ የደረሰ ሰው ነው።

ናይፍ ሎቢው ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ሶፋውን ሞልተው ተቀምጠዋል። በሰንበት ማንም ሳይነካቸው በየፎቁ የሚቆሙት ሊፍቶች ሳይረኑ ሲነሳ ወርደው ምድር ቤት ይቆለፋሉ፤ የወጥ ቤቱ ማሞቂያም ይጠፋል። ስለዚህ ስድስተኛ ፎቅ ያረፈ ሰው ክፍሉ መግባት የሚችለው በደረጃው ከወጣ ብቻ ነው። ወጣቶቹ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቆመው ይጸልያሉ፤ ድምፁ እዚያም ይከተላቸዋል። ኤልያቄም በረጅም የሰንበት ኮቱ ሪሴፕሽኑ አጠገብ ቆሟል። ሰንበቱን ከነቤተሰቡ የሚያሳልፈው ሆቴሉ ውስጥ ነው። ምክትሉ በወሊድ ፈቃድ ላይ ናት፤ ከእሱ ሌላ ማዘዝ የሚችል የለም።

«ኤልያቄም» አለው ናይፍ። «ጠቋሚውን ነቅዬዋለሁ፤ አልቆመም። ሳጥኑን መንካት አለብኝ። ላጥፋው?»

«ዛሬ ሰንበት ነው።»

«አውቃለሁ። ላጥፋው ወይስ ይቅር?»

ኤልያቄም ወደ ሊፍቱ ዞረ። «እነዚህ ሽማግሌዎች እንዴት እንደሚወጡ አላውቅም» አለ።

«እኔም አላውቅም።»

«ምሳውም ይቀዘቅዛል።»

«ይቀዘቅዛል። ኤልያቄም፣ ሐሙስ ዕለት ጠቋሚው ብልጭ ድርግም እያለ ነው ስልህ ምን አልከኝ?»

«ቴክኒሻኑ እሑድ ይመጣል አልኩህ።»

«እንግዲህ እሑድ ነገ ነው። መጋቢት ላይ ያልከኝንም ታስታውሳለህ። አንድ ቃል ብቻ ነው የምፈልገው።»

ኤልያቄም ከንፈሩን ነከሰ። «ሰንበት ነው ናይፍ» አለና ወደ ግቢው ወጣ።

ናይፍ ሪሴፕሽኑ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቢነካው ከሥራ ይባረራል፤ ወረቀቱ ፊት ለፊቱ ነው። ባይነካው እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ይጮሃል። ሰኔ ነው፤ ኮከብ የሚወጣው ዘግይቶ ነው።

አምስት ሰዓት ላይ ፊንሐስ ከወጥ ቤቱ መጣ። ጆሮው ውስጥ የወረቀት ናፕኪን ጠቅጥቋል።

«ሐሚኑ እየቀዘቀዘ ነው» አለ። ሐሚን ከዓርብ ጀምሮ እሳት ላይ የሚያድር የሰንበት ወጥ ነው።

«ቀዝቃዛ ሐሚን በልቼ አላውቅም» አለ ናይፍ። «እንዴት ነው?»

«እንደ ሲሚንቶ።»

«እኛ ሰፈር ሲሚንቶ ይፈለጋል። ጠቅልልልኝ።»

ፊንሐስ አልሳቀም። አጠገቡ ተቀመጠ። «ድምፁ ሰው ያሳብዳል» አለ።

«ከእኔ ጋር ነው ከግድግዳው ጋር የምታወራው?»

«ከግድግዳው ጋር።»

«እንግዲያው ግድግዳው ያጥፋልህ።»

ናይፍ ወንበሩን ወደ እሱ አዞረ።

«ስማ ፊንሐስ። እሳት ቢኖር ምን ታደርግ ነበር?»

«እሳት ቢኖር እኔ ራሴ ሮጬ እነካዋለሁ። ስልክ አነሳለሁ፣ መኪና እነዳለሁ። ነፍስ ለማዳን ሁሉም ይፈቀዳል።»

«እሳት ስለሌለ ግን አይቻልም።»

«እሳት ስለሌለ አይቻልም።»

«ጥሩ ሕግ ነው።»

«ጥሩ ሕግ ነው» አለ ፊንሐስ፣ ፌዙን እያወቀ። «የታመመ ሰው ካለ ደግሞ፣ ለሞት ባያሰጋውም፣ አፌን ሞልቼ ልነግርህ እችላለሁ። ኃላፊ ነኝ፤ ለኤልያቄምም አስረዳዋለሁ።»

ናይፍ ቀና አለ። «ምን ያህል የታመመ?»

«አልጋ ላይ የጣለው።»

«ራስ ምታትስ?»

«ራስ ምታት አይበቃም።»

«እንግዲህ አንድ በሽተኛ ላፈላልግ።»

ሁለቱም ተነሡ። ሶፋዎቹ ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ማየት ጀመሩ። አንዱ አዛውንት ዓይናቸውን ጨፍነው ጭንቅላታቸውን ይዘዋል። ናይፍ ጎንበስ አለና ጮክ ብሎ ጠየቃቸው።

«አባባ፣ አሞዎታል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

«ምንም አይሰማዎትም?»

«ዘጠና ዓመቴ ነው፤ ሁሉም ነገር ይሰማኛል። ደህና ነኝ።»

ቀጥለው ወደ ወይዘሮ ፍሩማ ሄዱ። ከአንትወርፐን ከተማ በየዓመቱ ይመጣሉ፤ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ባለቤታቸው አንሸል አጠገባቸው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ገርጥቷል። መድኃኒታቸውን አንድ ወጣት ከስድስተኛ ፎቅ በደረጃ አምጥቶላቸው ውጠዋል።

«ወይዘሮ ፍሩማ፣ ባለቤትዎ ታመዋል?» አላቸው ፊንሐስ።

«ማነው ያሟረተበት?» አሉ ሴትዮዋ። «አልታመመም። ጋደም ማለት ነው የሚፈልገው። በዚህ ሰዓት ሁልጊዜ ጋደም ይላል።»

«ትንሽ እንኳን?»

«ረቢ፣ አንተ ምን ነካህ? ሰው ጤነኛ ነው ሲባል ደስ አይልህም?»

ፊንሐስ ወደ ናይፍ ዞሮ እጁን ዘረጋ። በሽተኛ አልተገኘም።

ወደ ሳጥኑ ተመለሱ። ናይፍ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ በሳይረኑ ውስጥ ለመስማት ፊንሐስ ጆሮውን ወደ አፉ ማስጠጋት ነበረበት።

«‹አጥፋው› በል። አንድ ጊዜ። ማንም አይሰማህም። እኔ እንኳን በደንብ አልሰማህም።»

«እኔ እሰማዋለሁ።»

«ከሥራ ሊያባርሩኝ ነው ፊንሐስ።»

«አይደፍሩም። ሆቴሉ ያለ አንተ አንድ ሳምንት አይቆምም።»

«በጽሑፍ ሰጥቶኛል።»

«ሁላችንም የምንፈልገው ይታወቃል። ኤልያቄምም ይፈልጋል።»

«እንግዲያው ይበለዋ።»

ፊንሐስ ናፕኪኑን ከጆሮው አውጥቶ ጠቀለለው። «እኔ አሁን ‹አጥፋው› ብዬህ አንድ እንግዳ ቢሰማ፣ ነገ የኮሸር ኮሚቴው ይጠራኛል። ሰንበትን ያላከበረ ሰው ድስት አያስጠብቁትም» አለ። ከዚያ ወደ ሐሚኑ ሄደ።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ናይፍ የውሃ ፓምፑን ለማየት በደረጃው ሲወጣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንሸልን አገኛቸው። ሳይናገሩ ተነሥተው ወደ ክፍላቸው ሊወጡ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል፤ ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ ነው፤ ትንፋሻቸው ያጥራል።

«አሞዎታል አባባ?»

«ደክሞኝ ነው።»

«አሞኛል ይበሉኝ።»

«ለምን ውሸት እናገራለሁ? ደክሞኝ ነው።» ትንሽ ተነፈሱ። «ስንት ደረጃ ይቀራል?»

«ስልሳ ስድስት።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ናይፍ ውሃ ሰጣቸውና ወረደ። ሎቢው ውስጥ ኤልያቄምን አገኘው።

«አንሸል ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። መውጣትም መውረድም አቅቷቸዋል።»

ኤልያቄም ደነገጠ። «ታመው ነው?»

«ደክሞኛል ነው የሚሉት።»

ወይዘሮ ፍሩማ ከሶፋው ሆነው «አልታመመም» አሉ።

ኤልያቄም ቆመ። ወደ ወረቀቱ አየ፤ ወደ ሊፍቱ አየ። «ሁለት ልጆች በወንበር ሊሸከሟቸው ይችላሉ» አለ ቀስ ብሎ። «ግን እንዲያው ሊፍቱ ቢሠራ ጥሩ ነበር።»

«ጥሩ ነበር?»

«በጣም ጥሩ ነበር።»

ናይፍ ዓይኑን አየው። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ግልጽ ነገር ሰምቶ አያውቅም። ቁልፉን ከወገቡ ፈታና ወደ ሳጥኑ ሄደ። ሎቢው ውስጥ ሃምሳ ሰው ያህል ነበር። ናይፍ የመስታወቱን በር ሲከፍት ሁሉም ፊታቸውን አዞሩ። ኤልያቄም ወደ ግድግዳው ዞሮ የጸሎት መጽሐፍ ገለጠ።

ሳጥኑ ሥር የመዝገብ ደብተር አለ። ሰዓት፣ ስም፣ ምክንያት፣ ያዘዘው ሰው። ናይፍ ሦስቱን ሞላ። አራተኛው ዓምድ ላይ እስክሪብቶውን አሳርፎ ትንሽ ቆየና ባዶውን ተወው። የአራተኛውን ፎቅ መስመር አጠፋ። ሳይረኑ ቆመ። ሊፍቱ ተንቀጠቀጠ፤ በሩ ተከፈተ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ አንድ ሰው። ሌሎቹም «ይመስገን» አሉ። ናይፍን ያመሰገነው የለም። በሰንበት የተሠራላቸውን ሥራ ማመስገን አዝዘናል ማለት ይሆንባቸዋል።

አንሸልን በሊፍቱ አወጣቸው። ከዚያ የእሳት አደጋው አዛዥ እንዳለው በየሩብ ሰዓቱ ኮሪደሮቹን መዞር ጀመረ። ሰባት ፎቅ፤ እያንዳንዱ በር ላይ ቆም ብሎ ማሽተት፣ የልብስ ማጠቢያውን ክፍል ማየት፣ መመለስ። ሃያ ዘጠኝ ጊዜ ዞረ። ከአሥራ አምስተኛው በኋላ ጉልበቱ ማበጥ ጀመረ። አምስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት እናት በሩን ከፍታ «የሕፃኑ ክፍል ጨለመ» አለች፣ ወደ ጣሪያው እያየች። ናይፍ ገብቶ መብራቱን አበራላት።

ኮከብ ሲወጣ ኤልያቄም ስልኩን ከፍቶ የሆቴሉ ባለቤቶች ጋር ደወለ። ናይፍም ሚስቱ ጋር ደወለ።

«ዛሬ ምን ሆነህ ነው የዘገየኸው አቡ ሱሄል?» አለችው ዒጣፍ፣ በልጃቸው ስም እየጠራችው።

«ደወል ሲጮህ ዋለ። አጠፋሁት።»

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም።»

«የሁሉንም ልብ ታውቃለህ፤ ያንተን የሚያውቅ አንድ ሰው የለም» አለችና ራቱን ላሙቅ ወይ ብላ ጠየቀችው።

ሰኞ ከከተማው እሳት አደጋ ደብዳቤ መጣ። ሳጥኑ መስመሩ የጠፋበትን ሰዓት መዝግቦ ለእነሱ ልኳል፤ መስመሩ ሲቋረጥ ሥልጣን ያለው ሰው ማዘዙ አልተገለጸምና ሆቴሉ በአሥር ቀን ውስጥ ኃላፊነቱን የሚወስደውን ሰው ስም ያሳውቅ ይላል። ኤልያቄም ናይፍን ቢሮው ጠራው። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል።

«ማን አዘዘህ?»

«አንተ።»

«ምን አልኩህ?»

«ሊፍቱ ቢሠራ ጥሩ ነበር አልከኝ።»

«ጥሩ ነበር። አሁንም ጥሩ ነበር እላለሁ። ይሄ ትእዛዝ ነው?»

«ሃያ ስድስት ዓመት ትእዛዝ ነበር።»

«እሳት አደጋ ሄጄ ‹እንዲያው ጥሩ ነበር ብዬዋለሁ› ልበላቸው? በሰንበት አዝዣለሁ ብዬ በፊርማዬ ልስጥ? ይሄ ሆቴል ያን ቀን እንግዳ ይቀርለታል?»

«አላውቅም። እኔ ግን የሆነውን ነው የምናገረው።»

ኤልያቄም ፊንሐስን አስጠራው። ፊንሐስ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ አልተቀመጠም።

«አንተ ነግረኸዋል?»

«ሁላችንም…»

«ነግረኸዋል ወይስ አልነገርከውም?»

ፊንሐስ ውሸት የማይናገር ሰው ነው። «አልነገርኩትም» አለ።

«እኔስ ስነግረው ሰምተሃል?»

«አልሰማሁም።»

ኤልያቄም ለናይፍ የስንብት ደብዳቤ ገፋ አደረገለት። ናይፍ አንብቦ ጨረሰና አጠፈው። የመሣሪያ ሳጥኑን ከምድር ቤት ሲያወጣ ፊንሐስ ደረጃው ላይ ጠበቀው።

«ፍርድ ቤት ከሄድክ እመሰክርልሃለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«ሁላችንም እንዲጠፋ እንፈልግ ነበር ብዬ።»

«እኔም ብዙ ነገር እፈልጋለሁ ፊንሐስ።»

«ናይፍ፣ ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

«አንድ ቃል ነበር።»

ፊንሐስ የመሣሪያ ሳጥኑን አንዱን እጀታ ያዘ። ናይፍ አልከለከለውም። እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሳይነጋገሩ ተሸከሙት። አውቶቡሱ ሲመጣ ፊንሐስ «ከባድ ነው፤ ብቻህን እንዴት ልታወርደው ነው?» አለ።

«ትእዛዝ ነው ወይስ ወሬ?» አለው ናይፍ፤ መልሱን ሳይጠብቅ ወጣ።

የሠራተኛ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ኅዳር ላይ ስንብቱን አጸናው። ፊንሐስን ለምስክርነት የጠራው አልነበረም።